በሞቴ እያሉ ያወፈሩኝ

የወደቅሁት ከገለባ ክምር ላይ ነው። ገደል ነው ብል በወደድሁ፤ ያገሬ ሰው ከገደል ለወደቀ ያዝናል፣ ከገለባ ለወደቀ ግን መጀመሪያ ይስቅና ነው የሚያዝንለት። ከአሸተን ማርያም በታች ባለው ቀጭን መንገድ፣ በቅሎ እንኳ አሽትታ በምትረግጠው፣ ዕድሜዬን ሙሉ እህል ተሸክሜ ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። አንድም ቀን አላዳለጠኝም። ኋላ ለከብቶቹ ገለባ ልስብ ክምሩ ላይ ብወጣ፣ ከብቶቹ ከሥር በልተው ቦርቡረውት ኖሮ ተናደብኝና በጀርባዬ የድንጋይ ካብ ላይ አረፍሁ። እግሬን ተነሥ አልሁት። አልሰማኝም።

ደሴ ድረስ ወሰዱኝ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራት አስጠግቶ አየና፣ በአከርካሪዎ ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ተጎድቷል፣ ከወገብ በታች ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም አለኝ። ስላልዋሸኝ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ዊልቸር ሰጡኝ፣ ሽንቴን በቱቦ እንዴት እንደማወጣ አስተማሩኝ፣ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ይህ ሁሉ ያሳዘነውን አሳዝኖ አልፏል። ልጽፍ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ስለ መጣብኝ ውፍረት ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ መስመሬ ይጣመማል። ያም ሆኖ እንደኔ የወደቀ ሰው ካለ ያንብበው፤ እኔን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

እኛ ዘንድ የተኛ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዱ ድፎ ዳቦ፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ማር ይዞ ይመጣል። ባለቤቴ ደግሞ እንደ አራስ ያዘችኝ፤ ጧት አጥሚት፣ ረፋድ ላይ መሐሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ፣ ቀትር እንጀራ፣ ሲመሽ ወተት። የተሰበረ አጥንት በቅቤ ይጠገናል ብሎ ሁሉም ያምናል፤ እኔም አምን ነበር። በልቼ በልቼ ጉሮሮዬ እንቢ ሲል «በሞቴ» ይመጣል። በሞቴ ያለህን ሰው ምን ትለዋለህ? ሞቱን በእንጀራ ጠቅልሎ አፍህ ድረስ አምጥቶልሃል። የአንዱን ጎርሰህ የሌላውን ብትተው ደግሞ የሱን ሞት ናቅህበት። በእግሬ ስሄድ ቀኑን ሙሉ አርሼ፣ አጭጄ፣ ዳገት ወጥቼ ከምበላው፣ መደብ ላይ ተጋድሜ እጥፉን በላሁ።

ጠያቂው ሁሉ የሚያየው ጉንጬን ነው። ተመስገን፣ ፊትዎ ሞላ፣ ደህና ሆነዋል ይለኛል፤ ወዲያው ወደ ባለቤቴ ዞሮ እጅሽ ይባረክ ይላታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ባሏ የወደቀባት ሴት የምትመዘነው በባሏ ጉንጭ ነው። ከጋቢው ሥር ያለውን ግን የሚያይ የለም። እግሮቼ እንደ ጅራፍ እጀታ ቀጠኑ። ሆዴ ከኔ ቀድሞ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሆነ። ጡትም አወጣሁ። ማፈሩን ስለተውሁት ነው የምጽፈው፤ ሸሚዝ የሚገፋ ጡት።

ከመደቡ ወደ ዊልቸሩ የምታሻግረኝ ባለቤቴ ነበረች። እጇን በብብቴ ሥር አስገብታ፣ አቅፋ አንሥታ፣ ዞራ ታስቀምጠኛለች። ቀጭን ሴት ናት። እኔ እየከበድሁ በሄድሁ ቁጥር ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር እየበዛ ሄደ፤ አፍ አውጥታ ግን አትናገርም። አንድ ጧት ስትዞር ጉልበቷ ከዳትና ሁለታችንም መሬት ላይ ተዘረጋን፣ እኔ ከላይ። ከዚያ ከሥሬ ሆና፣ «የሠርጋችን ለት እንኳ እንዲህ አድርገው አልጣሉኝም» አለች። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ልትነሣ ብትል ወገቧ አልታዘዝ አላት። ተጣርተን አበልጄ መጣ፤ ሚስቱ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ጎረቤቴ ነው። እንደ ነዶ እያንዳንዳችንን ለየብቻ አነሣን። እሷ ከዚያ ወዲያ ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራ ከረመች።

ወሬው ደሴ ትዳር ይዛ የምትኖረው ልጃችን ዘንድ ደረሰ። ፍልሰታ እንደተፈታ መጣች። እናቷ ምድጃ ሥር ስታጎነብስ አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እናቴን ሁለተኛ አላስጎብጣትም» አለችኝ። «እኔ ጋ ደሴ ይኖራሉ። ባሌም እኔም ሆነን እናነሣዎታለን።»

ልጄ ክፉ አይደለችም። ቤቷም ደህና ቤት ነው፣ ሆስፒታል በነበርሁ ጊዜ ሰንብቼበታለሁ። ቴሌቪዥኑን አያለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ፣ ተመልሼ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። እዚህ ደጃፌ ላይ ሆኜ ማሳዬን አያለሁ። መሬቴን በእኩል የሚያርስልኝ ሰው ፈር ሲያጣምም ከሩቅ አይቼ እሰድበዋለሁ፤ እሱም ከሩቅ ይመልስልኛል። መንገደኛው ሁሉ ዝናቡ ይመጣል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እዚህ እግሩ የማይሄድ ሰውዬ ነኝ። እዚያ የሚነሣና የሚቀመጥ ዕቃ ነኝ። ይህንኑ ነገርኋት። አልቅሳም፣ ተቆጥታም አልሆነላት። በመጨረሻ ስምምነት አወጣን። እስከ ገና ድረስ ሰው ሳይነካኝ ከመደቡ ወደ ወንበሩ መሻገር ከቻልሁ እቀራለሁ። ካልቻልሁ መኪና ይዛ ትመጣለች፣ እኔም አፌን ዘግቼ እጫናለሁ። እናቷ ምስክር ሆነች። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይየዎት ብላ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ ያው የመጀመሪያው ነው። ሸሚዜን ገልጦ አየ፣ ደም አስቀዳ። ሊመዝኑኝ ቢሉ ሚዛኑ ሰው ቆሞ የሚመዘንበት ሆነ። ነርሷ አፈረች። ግድ የለሽም ልጄ፣ ብቆምማ ምን ልሠራ እመጣ ነበር አልኋት። ሐኪሙ አገርዎ ሲገቡ በተገኘው ሚዛን ተመዝነው በስልክ ይንገሩኝ አለ። የደሙ ውጤት የመጣ ለት ወንበሩን ወደኔ ሳብ አደረገ።

«አባቴ፣ የወንድ ሆርሞንዎ በጣም ዝቅ ብሏል።»

ሆርሞን ምንድን ነው አልሁት። በደም ውስጥ እየዞረ ሰውነትን የሚያዝዝ ነገር ነው አለኝ፤ አንዱ ጡንቻ ገንባ ይላል፣ አንዱ ስብ አስቀምጥ ይላል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የወንዱ ሆርሞን ይቀንስበታል። እግሩ ስለማይሠራ የእግሩ ሥጋ ያልቃል፤ የበላው የሚሄድበት ያጣና ሆዱ ላይ ይከማቻል። ስቡ በተራው ሆርሞኑን ይቀንሳል፤ ሆርሞኑ ሲቀንስ ጡንቻው ይደክማል፣ ስቡ ይብስ ይበዛል። ገባኝ። በሬ አውድማ ላይ ሲዞር እያየሁ ነው ያደግሁ። ፊተኛው ኋለኛውን ይስባል፣ ኋለኛው ፊተኛውን ይገፋል፣ ከሥር የሚረገጠው እኔ ነኝ።

መርፌ የለውም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አለው፣ ነገር ግን ለልብዎ ስለምሰጋ በሱ አልጀምርም፤ መጀመሪያ ስቡ ይውረድ፣ ክንድዎ ይሥራ፣ ከዚያ ደምዎን እንደገና እናያለን አለ። ቅቤውን፣ ማሩን፣ ጠላውን ይተዉ፣ እንጀራውን ይቀንሱ፣ ባቄላና ምስሩን ግን ይብሉ፣ እንዳይራቡ አለ። ይህችን የመጨረሻዋን በደንብ አልሰማኋትም። ወዲያው «በእርስዎ ዕድሜ ከባድ ነው፣ ብዙም ተስፋ አያድርጉ» ብሎ ጨመረበትና ደሜ ፈላ።

«ዕድሜዬን ተወው ልጄ» አልሁት። «ስለ ስቡ ንገረኝ።»

ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ዘረገፍሁላት። የወንድ ሆርሞኔ ወርዷል አልኋት። ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና እንኳ አላለች።

«ይህን ለማወቅ ነው ደሴ ድረስ ወስደው ደም የቀዱዎ? እኔን ቢጠይቁኝ እዚሁ እነግራቸው ነበር።»

ለመመዘን ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ጆንያ የሚመዘንበት መሬት ላይ የተቀመጠ ሚዛን አላቸው። ዊልቸሩን ከነእኔ አወጡት፤ ኋላ እኔን አውርደው ወንበሩን ለብቻው መዘኑና ቀነሱ። ያወረዱኝ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት የገብስ ጆንያ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበርና ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ዙሪያዬን ከበቡ። አንዷ፣ ይኸስ ተፈጭቶ ነው ሳይፈጭ ብላ ጠየቀች። ባለ ወፍጮው የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ራሱም የልጆች አባት ነው። ቁጥሩን አየና ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ።

«አያ፣ ኩንታሉ ሞልቶ ተርፏል። ትርፉን ለማን ልስፈረው?»

«ለእናትህ» አልሁት። «በሞቴ ስትለኝ የከረመች እሷ ናት።»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄአለሁ። ዱቄት ለብሼ ወደ ቤት ስገፋ ግን አልሳቅሁም። ኩንታል ብዙ ተሸክሜአለሁ፤ ተንበርክኮ ኩንታል ይዞ መነሣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺ ቀጭን ሴት በየጧቱ ይህን ስታነሣ ከርማለች፣ ለዚያውም ኩንታሉን የሞላችው በገዛ እጇ ነው።

በማግሥቱ ገንፎው ሲመጣ አልበላም አልሁ። ምን አጎደልሁ አለች። ምንም አላጎደልሽም፣ የሚጎድለው እኔ ነኝ አልኋት። አላሳቃትም። ማንኪያውን ወረወረችው። እሷ ስትቆጣ አንቱታው ይጠፋባታል።

«ስትከሳ ያየህ ሰው እኔን ምን የሚለኝ ይመስልሃል? ሲያርስ በላችው፣ ሲወድቅ አስራበችው ይለኛል። አንተ ስትቀል በአደባባይ የምታማ እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ከሷ ጋር ሳንታረቅ አበልጄ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ይዞ መጣ። ድብልብል አድርጎ አፌ ላይ አደረሰና በሞቴ አለ። አልበላም አልሁት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ይህን ያህል ዘመን እጄን መልሰህብኝ አታውቅም አለ፤ ጭኮውን መደቡ ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በደጄ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነው የሚያልፍ። ቁጭ ብዬ አሰብሁ። እዚህ ለመቅረት ብዬ ሰውን ሁሉ ካስቀየምሁ፣ ከማን ጋር ልኖር ነው የምቀር? ተሸነፍሁ። ገንፎውን በላሁት፣ ጭኮውንም በላሁት። መስከረም እንዲሁ አለቀ፤ ክንዴ ከመደቡ ሊያነሣኝ ሲታገል ይንቀጠቀጣል እንጂ ቂጤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

መላ ያገኘሁት የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ የመጡ ለት ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ቢሆንም አባቴ ናቸው። ከወደቅሁ ጀምሮ ሕመምተኛ ነዎት ብለው ከጾም ፈትተውኝ ነበር። መስቀላቸውን ከተሳለምሁ በኋላ፣ አባ፣ ጾሜን ይመልሱልኝ አልኋቸው። ምን አገኘዎት አሉኝ። ነገርኋቸው፤ ስቡን፣ ሆርሞኑን፣ ልጄን፣ መኪናውን፣ የአበልጄን ኩርፊያ።

«ጾም ለመክሳት አልተሠራም» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን ለታመመ አትጭንም።»

«ቤተ ክርስቲያን ካልጫነችብኝ ሰው ይጭንብኛል» አልኋቸው። «እኔ አሁንም ተጭኖብኛል። ሸክሙን ይለውጡልኝ ነው የምልዎ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ለምን እንደዚያ እንዳሰብሁ ያገሬ ሰው ያውቃል። የሚጾምን ሰው በሞቴ የሚል የለም። ያለው ቢኖር ኃጢአቱ የሱ ነው። በሞቴን የሚያቆመው ሌላ ነገር በዚህ አገር አላገኘሁም። አባም ገባቸው። ከዚያ እንደ ጾም ሳይሆን እንደ ቀኖና አድርገው ሰጡኝ። ከራስዎ እጅ በቀር ከማንም እጅ አይጉረሱ፤ ሁለተኛ እንጀራ አይጨመርልዎ፤ ቅቤና ጠላ እስከ ገና አፍዎ አይግባ አሉ። ባለቤቴን ጠርተው እሷም እየሰማች ደገሙት።

«ማንም ሰው በሞቴ ቢልዎ የንስሐ አባቴ ቀኖና ነው ይበሉት። ሞቱን ይዞ ወደኔ ይምጣ።»

ባለቤቴ መስቀላቸውን ስትሳለም ፊቷ በራ። ከእንግዲህ ብከሳ አባ ናቸው ያከሱኝ፤ እሷን የሚያማ የለም። ችግሩ ሰዉ እኔን ማማት መጀመሩ ነው። እኚህ ሰውዬ መንቀሳቀስ የማይችሉ፣ ምን ኃጢአት ቢሠሩ ነው ቀኖና የተጣለባቸው ተባለ። ድንበር ገፍተው ነው ያለ አለ። ከዚያ የባሰም ያለ አለ። ባለቤቴ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ይህንኑ ይዛ መጣች። ሴቶቹ ከሴት ጋር ይሆን እንዴ ብለው ጠይቀዋታል።

«ምን አልሻቸው?»

«በምኑ አልኋቸው።»

ቀኖናው ሠራልኝ። ሰው ዳቦውን ይዞ ይመጣል፣ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ዳቦውን ባለቤቴ ትበላለች፣ ጎረቤት ይበላል። ኅዳር አጋማሽ ላይ የገና ጾም ሲገባ ደግሞ አገሩ ሁሉ ከቅቤ ስለወጣ እኔን ለይቶ የሚያይ አልነበረም። ግን እኔ አንዴ ካመረርሁ ልክ አላውቅም። አባ ያዘዙኝ ሦስት ነገር ነው፤ እኔ ከራሴ ጨመርሁበት። ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ እህል አልቀምስም፣ ከቀመስሁም ጎመንና ቆሎ ነው አልሁ። ሐኪሙ እንዳይራቡ ያለኝን ረሳሁት፣ ወይም ላለመስማት ፈለግሁ። ሆዴ ትንሽ ሟሸሸ። ክንዴም አብሮ ሟሸሸ። አንድ ቀን ባለቤቴ ስታጥበኝ ቂጤ ላይ ቀይ ነገር አየች፤ በማግሥቱ ተልጦ ቆሰለ። እኔ ምንም አይሰማኝም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሲስተሯ ቁስሉን ጠርጋ አሰረችና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። እየኮራሁ ነገርኋት።

«ታዲያ ይኸ ቁስል የሚድነው በምንዎ ነው? በእልህዎ?»

ቁስልም ጡንቻም የሚሠራው ከባቄላ፣ ከምስር፣ ከሽምብራ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ ከእንቁላል ነው አለችኝ። እንደገና እንዲህ ተርበው ቢመጡ ለልጅዎ ስልክ ደውዬ መኪናዋን ዛሬውኑ አስመጣለሁ አለች፤ ወሬው እሷም ዘንድ ደርሷል ለካ። ቁስሉ እስኪደርቅ በሆዴ አስተኛችኝ። ወንበር ላይ ስመለስም ቶሎ ቶሎ በሁለት እጄ ወንበሩን ተጭኜ ቂጤን ከፍ እንዳደርግ አዘዘችኝ፤ ደም እንዲዞርበት። አባም ነገሩን ሲሰሙ ባቄላውን ከጧቱ እንድበላ ወሰኑ፤ እኔ ያላዘዝሁዎትን ቀኖና ማን አዘዘዎ ብለው ተቆጡኝ።

በሆዴ ተኝቼ የከረምሁበት ጊዜ ሁሉ ከገና ቀጠሮዬ ላይ ነበር የተቀነሰ። የሲስተሯን ትእዛዝ ግን እንደ ሥራ ያዝሁት። ሰው ሲያልፍ እነሣለሁ፣ ደወል ሲደወል እነሣለሁ፣ ባለቤቴ ስትናገረኝ እነሣለሁ። መጀመሪያ ልብሴ እንኳ ከወንበሩ አይለይም ነበር። ጣራውን ከሚሸከመው ወጋግራ ላይ የበሬ ቆዳ ጠፍር አስሰቅዬ መደብ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ራሴን ወደ ላይ እስብ ጀመር። እዚያ ጠፍር ላይ ስንት ጊዜ ተሳድቤአለሁ። ባለቤቴ በሰማች ቁጥር ይቅር ይበላችሁ ትል ነበር፣ ለኔም ለጠፍሩም። ከመደቡ እስከ ወንበሩ የሚያሻግር ሳንቃ አስላግሁ፤ እንዲያንሸራትት ከቤተ ክርስቲያን በመጣ የጧፍ ቁራጭ አሸሁት። በሳንቃው ላይ ተንሸራትቼ ወንበሩ ላይ ዘፍ ያልሁ ለት ባለቤቴ ደጅ ነበረች። ስትገባ ወንበሩ ላይ አየችኝ። ማን መጣ ብላ ዙሪያውን ፈለገች።

ገና ሊደርስ ሲል እንደገና ወፍጮ ቤት ተመዘንሁ። ኩንታሉ ጎድሏል። እንዲያም ሆኖ ገና ከባድ ነኝ፤ ጡቱም አልጠፋ፣ ሆዱም አለ። ደሜን ገና አልተቀዳሁም፣ ሆርሞኑ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከፍ ብሎ ቢሆን ደስ ይለኛል። ዝቅ እንዳለ ቢቀርም ክንዴ ከሱ ፈቃድ አይጠይቅም።

የገና ዋዜማ መንገዱ ሁሉ ነጭ ነው፤ ከየአገሩ በእግሩ የመጣ ተሳላሚ ወደ ላሊበላ ይወርዳል። ልጄ የተከራየችው መኪና ያን ሁሉ ሰው እየገመሰ ቀትር ላይ ደጄ ደረሰ። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋውም። እሷ እናቷን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ከዚያ ከምሰሶው ሥር ቆመች። ሌላ ሰላምታ አልተጨመረም። ሁላችንም የምንጠብቀውን እናውቃለን። አበልጄም ልትወስደኝ ነው ሲባል ሰምቶ ሊሰናበተኝ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ወደኔ ግን አያይም።

ሳንቃውን አጋደምሁ። እግሮቼን በእጄ አንሥቼ አወረድሁ። ተጫንሁ፣ ተንሸራተትሁ፣ መሐል ላይ ሱሪዬ ወደ ኋላ ቀረ፣ ስቤ አስተካከልሁት፣ እንደገና ተጫንሁ። ወንበሩ ላይ ወደቅሁ። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን የእናቷ ልጅ ናት።

«መመለሱስ?» አለችኝ።

መመለሱን አላሰብሁትም። እውነቴን ነው፤ ስለማመድ የከረምሁት መውረዱን ብቻ ነው። ስመለስ ባለቤቴ እግሬን፣ እኔ ጠፍሩን ይዘን ነበር የምወጣ፤ ያ ደግሞ ሰው መንካት ነው። መደቡ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ሳንቃውን አዞርሁ፣ ወደ ላይ ተጫንሁ። ግማሹን ወጣሁ። ጧፍ የበላው ሳንቃ መለሰኝ። ደግሜ ሞከርሁ፣ መለሰኝ። ልጄ ልትይዘኝ እጇን ዘረጋች፤ እንዳትነኪኝ ብዬ ጮህሁባት። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልጄ ጋቢዬን ከመደቡ ላይ አንሥታ ማጠፍ ጀመረች።

«አበልጄ» አልሁ። «መቆፈሪያ ይዘህ ና።»

አየኝ፤ ከጭኮው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ምን ልታስቆፍረኝ?»

«መደቡን። ስንዝር ዝቅ አድርገው። ድንጋይና ጭቃ ነው፣ እኔው ነኝ የሠራሁት፤ እንዴት እንደሚፈርስ እነግርሃለሁ።»

ልጄ ጋቢውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባባ፣ ይህ አልነበረም ስምምነታችን አለች። ስምምነታችን ሰው ሳይነካኝ ነው እንጂ መደብ ሳይነካ አላልንም አልኋት። ባለቤቴ ምስክር ናት፤ ዞር ብለን ብናያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። አላልንም አለች። አበልጄ መቆፈሪያውን ይዞ ተመለሰ። የራሱን ጋቢ አውልቆ ልጄ እጅ ላይ ደረበላት።

«ቀኖናህ መደብ ማፍረስ አይከለክልም?»

«ከሰው እጅ መጉረስ ነው የሚከለክል። ቁፋሮ ይፈቀዳል።»

«የሚጎረስ ነገርስ መች ይዤልህ መጥቼ» አለና የመደቡን አናት ነደለው። ያ መደብ ከተሠራ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ጭቃው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ቤቱ በአቧራ ተሞላ። የልጄ ነጭ የበዓል ልብስ አመድ መሰለ። ሾፌሩ ምን እየሆኑ ነው ብሎ አንገቱን አስገባና አስሎ ወጣ። ከዚህ ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ ተው እያልሁ ከወንበሬ ላይ አዘዝሁት፤ እሱም እየረገመኝ ታዘዘ። ሲጨርስ ሳንቃውን አጋደምሁ፤ ውኃ ቢያፈሱበት የማይወርድበት ልክ ሆነ። ተጫንሁ። ተንሸራተትሁ። ፍርስራሹ ላይ፣ ምንጣፍ እንኳ ሳይነጠፍበት፣ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ከዚያም ወደ ወንበሩ፣ ከዚያም እንደገና ወደ መደቡ፣ ልጄ በቃ አባባ፣ በቃዎ እስክትል ድረስ።

ወጥታ ሾፌሩን ራሷ አሰናበተችው። የሞተሩ ድምፅ ከዳገቱ ሲርቅ ሰማሁ። ጫማዋን አውልቃ ተመለሰችና፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ የፈረሰውን ድንጋይና ጭቃ በእንቅብ ትሰበስብ ጀመር። ይኸን የት ልድፋው አለችኝ።

«አትድፊው» አልኋት። «የበሩ ደፍ ላይ ደልድዪልኝ። ይኸ ወንበር ደፉን ሰው ሳይገፋው አይወጣም። ለሌሊቱ ቅዳሴ ራሴ ልወጣበት ነው።»